ለሀደሮ መንገድ የሚሆን ጎማ

የዘርአብሩክን መኪና ሆሳዕና ውስጥ የማያውቃት የለም። ቀይ ናት፣ ባለሁለት በር፣ ከመሬት ከፍ ያለችው ለይሉኝታ ያህል ነው። ሰፈሩ "በርበሬ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። ሰፋፊ ስፖርት ቸርኬ አድርጎላት፣ ጎማው በላዩ ላይ የተቀባ እስኪመስል የሳሳ ነው። በበጋ አስፋልት ላይ ስትሄድ አቤት ማማሯ! በክረምት ግን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ምንም አትረባም። አንዴ መናኸሪያው አጠገብ ጭቃ ውስጥ ገብታ መውጣት አቅቷት፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች እየሳቁ ገፍተው አውጥተዋታል።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ዓርብ ጠዋት ዘርአብሩክ ይህችኑ መኪና ናስረዲን ጎማ ቤት በር ላይ አቆመ። በማግስቱ ሽማግሌ ይዞ ሀደሮ መሄድ ነበረበት። ሚስቱ ሶስና እናቷ ቤት ከገባች ሰንብታለች፤ ስልክ አታነሳም። ነገ ይዟት ካልተመለሰ ከእንግዲህ እንደማትመጣ ያውቃል። ይህን ሲያስብ ሆዱ ሊባባ፣ ልቡ ሊደነግጥ ይገባ ነበር። ምንም የለም። ሰው እጁን ተንተርሶ አድሮ ሲነሳ እጁ የራሱ እንደማይመስለው፣ ዘርአብሩክም ሁለመናው እንደዚያ ከሆነ ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ ሶስና በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሴት ልጅ። እናትየው ከማደንዘዣው ሳትነቃ ሕፃኗ አረፈች። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። "አይታት ምን ልትሆን ነው? ቶሎ ትቀበር" ተባለ። ዘርአብሩክ ሕፃኗን ይዞ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ማቴዎስ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ሁለቱ ብቻ ሄደው ቀበሩ። የሰፈሩ እድር ለጨቅላ ድንኳን አይጥልም። ጥሩምባ አይነፋም፣ ወንበር አይወጣም። "ገና ልጆች ናችሁ፣ ሌላ ይሰጣችኋል" ይባላል፣ በቃ አለቀ። የእድሩ ዳኛ ጎረቤታቸው ባለሱቁ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ናቸው። እሳቸውም ሶስና ከሆስፒታል ስትገባ በሩ ላይ ቆመው ለሁለቱም ይህንኑ ብለው፣ የዘርአብሩክን ትከሻ መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ዘርአብሩክ ከቀብር ተመልሶ ምን አደረገ? ይህን ስናገር እስካሁን ደሜ ይፈላል። መኪናውን አጠበ! ቸርኬው ውስጥ የገባውን ጭቃ በጥርስ ብሩሽ ሲፈቀፍቅ ዋለ። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ በር በሩን ታያለች፣ እሱ ቸርኬ ይወለውላል። አመሻሽ ላይ ሄዶ አጠገቧ ቁጭ አለ፤ እጁ ኦሞ ኦሞ ይሸታል።

"የት ቆየህ?" አለችው።

"መኪና ሳጥብ።"

በማግስቱ ቢሮ ገባ። ሶስና ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላም ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቢያለቅስ፣ ቢቆጣ፣ መጠጥ እንኳ ቢጀምር ሰው በሆነ ነገር ይይዘው ነበር። እሱ ግን ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠራል። ሶስና ጥቂት ታገሠችና አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች።

ናስረዲን ወሬ ይወዳል፤ ጎማ ደግሞ ከወሬም አብልጦ ይወዳል። የቦኖሻም የዱራሜም ሚኒባስ ጎማ የሚለውጠው እሱ ዘንድ ነው። በርበሬን ዞር ዞር ብሎ አያት፣ የአንዱን ጎማ ገጽ በመዳፉ ዳበሰና ምላሱን መታ።

"ይሄ ጎማ ነው? ይሄማ መላጣ ነው! በዚህ ነው ክረምቱን እስካሁን የከረምከው?"

ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጎማ እያንከባለለ ወጣ።

"ይሄ ያንተው ቁጥር ነው፣ አስራ ሰባት። ውሃ የሚያስወጣ መስመር አለው፣ እርጥብ አስፋልት ላይ አያንሸራትትም። ቸርኬህን መለወጥ አያስፈልግህም፣ ውበቷም አይጎድልም። ይሄኛው ደግሞ የጭቃ ነው። ቀጭን ነው ብለህ እንዳትንቀው፣ ጥርሱን እየው። ግን ቸርኬህ ላይ አይገባም፤ አስራ አምስት ቁጥር የብረት ቸርኬ ያስፈልግሃል። አስራ አራት አድርግልኝ እንዳትለኝ፣ ፍሬኑን ይነካል። እሺ፣ የቱን?"

"የትኛውም ይሁን።"

"እ?"

"የትኛውም።"

"'የትኛውም' የሚባል ማርካ የለኝም!" ናስረዲን ተናደደ። ቢናደድ አይፈረድበትም። ሌላው ደንበኛ ቸርኬ ሲመርጥ ያገላብጣል፣ ይደባብሳል፣ ወደኋላ ሄዶ አንገቱን አዘንብሎ ያያል፣ ለሚስቱ ደውሎ ቀለሙን ይነግራታል። ይሄ በመኪናው አገር የሚያውቀው ልጅ ግን የሌላ ሰው ዕቃ እንዲጠብቅ እንደተነገረው ሆኖ ቆሟል። "እሺ፣ መንገዱን ንገረኝ። የት ልትሄድባት ነው?"

"ሀደሮ። ከከተማው ወጣ ይላል። ሚስቴን ላመጣ።"

የናስረዲን ፊት በራ። "አይ አንተ! ይህን ደብቀህ! ወልዳለች ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ። እናቷ ጋ ስትታረስ ቆይታ ነዋ! እንኳን ደስ ያለህ! ምንድን ነው፣ ወንድ ነው ሴት?"

እዚህ ላይ ናስረዲንን እንዳትቀየሙት። ድንኳን ቢጣል ያይ ነበር። ጥሩምባ ቢነፋ ሱቁን ዘግቶ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ያልተለቀሰ ሞት በምን ይታወቃል?

"ሴት" አለ ዘርአብሩክ። ቀጥሎም "አመሰግናለሁ" አለ።

"ማሻአላህ! በሴት መጀመር በረካ ነው! በል አሁን ምርጫ የለህም፣ እኔ መረጥኩልህ።" ናስረዲን የጭቃውን ጎማ እግሩ ሥር አቆመለት። "ያንተ ስሱ ጎማ ድንጋዩን ሁሉ ወደ ውስጥ ነው የሚልከው፣ ልጅቷን ያንገጫግጫታል። ይሄ ጎኑ ከፍ ያለ ነው፣ ድንጋዩን ራሱ ይውጠዋል። ነፋሱንም ቀነስ አደርግልሃለሁ። እንቅልፏን እንደተኛች ሆሳዕና ትገባለች፣ ምን አለ በለኝ!"

ዘርአብሩክ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው።

"እሱን ግጠምልኝ።"

ለምን እውነቱን አልነገረውም? እኔ ምን አውቄ! ብቻ ያቺ ልጅ ከሞተች ጀምሮ ስለ እሷ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ናስረዲን ነበር። ክሪኩ ወጣ፣ ቡሎኑ ተፈታ፣ የሚያብረቀርቀው ስፖርት ቸርኬ ወልቆ ኋላ ሻንጣ ውስጥ ተጫነ። በቦታው ጥቁር የብረት ቸርኬ ገባ። ናስረዲን እየሠራ ለሕፃን መንገድ ላይ ምን እንደሚያስፈልግ ሲዘረዝር ዘርአብሩክ አንድም ሳያቋርጥ አዳመጠው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከሱቃቸው ወጡ። መኪናዋን ሲያዩ ቀጥ አሉ።

"ምነው ልጄ! በሱፍ ልብስ ላይ ቦቲ ጫማ አደረግህባት?"

ቀልዱስ ይለፍ፤ መኪናዋ ውስጥ መግባቱ ነበር ሥራው። ላንድክሩዘር እንከራይ ሲባል "በሰው መኪና ሄደን ቀዩዋን ሸጦ በላት ይበሉን?" ብለው እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። ቀጭኑ ጋሽ ማቴዎስ ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ከፊት ተቀምጠው የሚናገሩትን ይለማመዱ ጀመር።

"እኔ እጀምራለሁ፣ ማቴዎስ አንተ በጸሎት ትዘጋለህ። ለመሆኑ በምንድን ነው የተጣላችሁት?"

"አልተጣላንም፣ ጋሼ።"

"አልተጣላንም ይላል! ታዲያ እኛ ማንን ልናስታርቅ ነው ጭቃ ለጭቃ የምንሄደው?" ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

ሀደሮን አልፈው አስፋልቱን ሲለቁ ዝናቡ ጀመረ። መንገዱ ቀይ አተላ ሆኗል። አንድ አይሱዙ ወደ ቦዩ ዘንበል ብሎ ቆሞ ሾፌሩ በካልሲ ብቻ ይዞረዋል። በርበሬ ግን ወይ ፍንክች! ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት እየነከሰ አለፈ። ጋሽ ተክለጊዮርጊስ "እሰይ!" ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ዘርአብሩክ ደስ አላለውም፣ አልፈራምም። ድንጋይ ባየ ቁጥር ብቻ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል፣ ጉድጓድ ሲመጣ መኪናዋን በጣም በቀስታ ያወርዳታል። ሰው የተኛባት ይመስል።

"ለእኛ ብለህ ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው?" አሉ ጋሽ ማቴዎስ ከኋላ።

ዘርአብሩክ ቀጣዩን ድንጋይ ዞሮ አለፈ።

የሶስና እናት እትዬ አባይነሽ በር ላይ ተቀበሏቸው። እንግዶቹን አስቀምጠው፣ ቆጮና ጎመን ሊያቀርቡ ሲሉ ጋሽ ተክለጊዮርጊስ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቆይ፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ እህል አንቀምስም።"

የሽማግሌ ወጉ ነው፤ መልስ ሳይገኝ አይበላም። ሶስና ጥግ ላይ፣ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከስታለች። ዘርአብሩክ በሩ ላይ እንደቆመ አያት፤ እሷም አየችው፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሽማግሌው መለሰች።

ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። በባልና ሚስት መካከል ያለ ነው አሉ። ትዳር ትዕግሥት ይፈልጋል አሉ። "ልጃችን ጥፋት ካለበት ሊክስ፣ እግር ሊስም መጥቷል። አንቺም ልጄ ቂሙን ተይውና ታረቁ" አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ ከማንም አልተጣላሁም" አለች ሶስና።

"ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?"

"ላለቅስ ነው የመጣሁት። እዚያ ማልቀሻ አጣሁ። ከሆስፒታል ስገባ ቤቴ አንድ ወንበር አልወጣም። እርስዎ በር ላይ 'ሌላ ይሰጥሻል' ብለውኝ ሱቅዎን ሊከፍቱ ሄዱ። እኔ መቼ ሌላ አልኩ? ሰው እኮ ነው የሞተብኝ። ለልጄ ለቅሶ የደረሰ አንድ ሰው የለም። እናንተም ዛሬ ለእርቅ መጣችሁ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ስንት ዓመት የእድር ዳኛ ሆነው፣ ስንት ድንኳን አስጥለው፣ ለቅሶ ቀረህ ብሎ ማንም ወቅሷቸው አያውቅም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

"ማቴዎስ፣ ተነሥ። እንውጣ።"

እትዬ አባይነሽ ደነገጡ። "ኧረ በእግዚአብሔር! ልጅ ናት፣ ከፍቷት ነው የተናገረችው! በዚህ ዝናብ የት ትሄዳላችሁ?"

ሽማግሌዎቹ ግቢውን አቋርጠው እስከ አጥሩ በር ሄዱ። እዚያ ዝናብ ላይ ቆመው ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገታቸው ላይ አድርገው ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ዞሩ።

"ልጄን! ልጄን! ወይኔ ሳላያት! ልጄን!"

እንዲህ እየጮኹ ገቡ። ያ ሱቅ ውስጥ የምናውቀው ጎርናና ድምፅ ተሰንጥቆ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ከኋላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ገቡ፤ እሳቸውስ ቆፋሪው ነበሩ፣ እስከዚያች ቀን ግን ማንም አልቅስ ያላቸው አልነበረም። እትዬ አባይነሽ ተቀበሏቸው። ጎረቤት ሰማና ሴቶቹ ነጠላ እየጎተቱ በጓሮ መጡ። ሶስና ፍራሹ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች የልጇን ለቅሶ አለቀሰች።

ዘርአብሩክ አሁንም በር ላይ ነው። የት ይግባ? ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር እንዳይቀመጥ ሐዘኑ የራሱ ነው። ከሐዘንተኛዋ ጋር እንዳይቀመጥ ማን ጠርቶት! ሶስና ቀና አለች፤ ፈቀቅ ብላ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

"ና።"

ጫማውን አውልቆ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። ለቅሶው በረድ ሲል ሶስና ፊቱን ሳታይ ተናገረች።

"አንተ አይተሃታል። እኔ አላየኋትም። እስከ ዛሬ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁህ። ማንን ትመስል ነበር?"

ይህን ጥያቄ ከመለሰ መለሰ፤ ካልመለሰ ቤቱ ፈረሰ።

"ጸጉሯ ብዙ ነበር" አለ ዘርአብሩክ፣ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት በሚያቀርብበት ድምፅ። "አፍንጫዋ ያንቺ ነው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። ሲሰጡኝ ቀዝቅዛ ነበር። ከመኪናው እስከ መቃብሩ ስንሄድ ይዘንብ ስለነበር ጃኬቴ ውስጥ አስገባኋት። በኋላ ሸሚዜንም ፈታሁና ከገላዬ ጋር አደረግኋት። ጋሽ ማቴዎስ እስኪቆፍሩ ብዙ ቆየን፤ ድንጋይ ነበረበት። እኔም አቅፌያት ቆየሁ። እና ቆፍረው ሲጨርሱ 'አምጣት' አሉኝ።"

አቆመ። ሶስና እጁን ያዘችው።

"ሞቃ ነበር፣ ሶስዬ። የእኔ ሙቀት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሞቃ ነበር። ሞቃ ነው የቀበርኳት።"

ከዚህ በላይ አልቻለም። ከዚያ ደንዝዞ ከቆየ ሰውነት የወጣው ለቅሶ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር ከተቀመጡበት አስነሳቸው። ሊያባብሉት ሲመጡ ሶስና በእጇ ከለከለቻቸውና ራሱን ወደ ደረቷ ሳበችው። እሷም እሱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ።

"ነገ ውሰደኝ" አለችው፣ ድምፁ ሲደክም። "ያለችበትን አሳየኝ።"