ክር መሳብ ያቃታት ጡንቻ

በቀዶ ጥገና ከወለደች እናት የተወሰደችው የማሕፀን ጡንቻ ቁራጭ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም። ለብ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኳት። በራሷ መኮማተር ስትጀምር ክሩን እየሳበች ጉልበቷን ለክቶ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን መስመር ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«አይዞሽ፣ በርቺ» አልኳት፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሌላ የማናግረው ሰው የለም።

ከዚያ ሴሎቿ አብረው እንዲኮማተሩ መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመድኃኒት ዘጋሁ። መስመሩ ቀጥ አለ። በማይክሮስኮፕ ሳይ ግን ሴሎቹ አልሞቱም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይኮማተራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እነዚህ ክር መሳብ እንኳ አቃታቸው።

ታላቅ እህቴ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ከጠፋ ሦስት ወር ሆነው እኮ! ሞትሽ እንዴ?»

«አልሞትኩም» አልኳት፣ ቀጥ ያለውን መስመር እያየሁ።