መቅዘፊያው በማን እጅ ነበር

«መቅዘፊያውን ከእጇ ነጠቋት።»

«አስቀመጧት በይ እንጂ። ቆይ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ጭራሽ ያወርዷታል።»

ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ። ሉቬኒያ ስቶክስ ያኔ ልጅ ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ለእራት ዓሣ ሲጠበስ፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ነው የሰማችው። የተናገረችው አያቷ ትሁን አክስቷ ዛሬ አታስታውስም። ወሬው የሥዕል ወሬ መሆኑንም የተረዳችው ካደገች በኋላ ነው።

ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችውን ከተማቸውን ያስጠራት አንድ ልብ ወለድ ነው። በውስጡ ማሃላ የምትባል ጥቁር ሴት ከአንድ ነጭ ነጋዴ ጋር በጀልባ ወንዙን ትሻገራለች። መጽሐፉ «ተሻገሩ» ይላል እንጂ ማን እንደቀዘፈ አይናገርም፤ የሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል ነው። ሉቬኒያ ቤት ባለው እትም የሚቀዝፈው ነጋዴው ነው፤ ማሃላ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት በሚታደለው አዲሱ እትም ደግሞ ነጋዴው ብቻውን ነው። የመጀመሪያው ሰዓሊ ግን የሉቬኒያን ቅድመ አያት፣ የከተማዋን ጀልባ ቀዛፊ ሴት፣ እያየ ነው ማሃላን መቅዘፊያ አስይዞ የሣላት ይባላል።

አሁን ከተማው ነጋዴው የሚቀዝፍበትን ሥዕል በጀልባ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ሊያስል ነው። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። ሉቬኒያ ዝም ካለች ቅድመ አያቷ እዚያ እጇን አጣምራ ልትቀር ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ኃላፊው ሚስተር ፔቲግሩ የመጀመሪያውን እትም ከተቆለፈ ቁም ሣጥን አወጡላትና አጠገቧ ቆሙ።

«ምላጭ አልያዝኩም» አለቻቸው።

«እኔ ምን ወጣኝ?»

«ቦርሳዬን እያዩ ነዋ።»

«ምን ላድርግ፣ ሚስስ ስቶክስ? የዚህ ከተማ ሰው ሥዕሉን እየቆረጠ ሳሎኑ ሲሰቅል ነው የኖረው።»

ገጹን ገለጠች። ነጋዴው ይቀዝፋል። ማሃላ ተቀምጣለች።

«ይኸው» አሉ፤ «ከጥንቱም እንዲህ ነው።»

ሉቬኒያ በቁጣ ምላሷ እንዳይቀድማት በልቧ ጸለየች። «ቁልፉን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ?» አለች ቀስ ብላ።

«ለወጥከው ነው የሚሉኝ?»

«እየጠየቅኩ ነው።»

ፊታቸው ቀላ። መጽሐፉን ሊዘጉ፣ ሥዕሉን ከመተሻሸት የሚጠብቀውን ስስ ወረቀት መለስ ሲያደርጉት እጃቸው ቆመ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። የሥዕሉ ቀለም በዘመን ብዛት ወረቀቱ ላይ ደብዛዛ ጥላ አትሟል፤ ረጅም መቅዘፊያ ይዛ የቆመች ሴት፣ ከፊቷ ባርኔጣ ያደረገ ተቀማጭ ሰው።

«ይሄ ጥላ የዚህ ሥዕል አይደለም» አሉ። በጣታቸው የገጹን ሥር ዳበሱ። «ሙጫ። መጽሐፍ ጠራዦች የለጠፉት ነው። ገጽ ተቆርጦ ሲያገኙ፣ መጽሐፉ እንዳይጎድል ብለው ከሌላ እትም አምጥተው ይለጥፉ ነበር።»

«እርስዎ አያውቁም ነበር?»

«ለስንቱ እንግዳ ‹ዋናው ይሄ ነው› እያልኩ አሳይቻለሁ።»

ፊታቸውን አጤነች። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመነቻቸውም። «ታዲያ ሰኞ ምን ሊሉ ነው?»

«ከንቲባው ይስቅብኛል። ጥላ አይቼ ግድግዳ ላስል ወይ ይለኛል።»

«ይሳቃ።»

«መጽሐፉ ደግሞ ከዚህ ሕንፃ ወጥቶ አያውቅም።»

ሉቬኒያ ከወንበሯ አልተነሣችም። አዛውንቱ ወደ ቁም ሣጥኑ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ይዤው ወደ ጀልባ ማቆሚያው እወርዳለሁ። ሰዓሊው ይሄን ወረቀት በፀሐይ ሳያይ ብሩሽ አያነሣም።»