አንዲት ቀበሮ ብቻ

ባዩ አንድ ቀን ሙሉ ሳይዋሽ ይውላል ብሎ የሚያምን ሰው በለንደኑ ስቶክዌል ሰፈር የለም። ባዩ ራሱም አያምንም። ግን ማለ። የማለውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ውሻ ታቅፎ የባቡር ጣቢያውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ እየወረደ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ውሻ በእግሩ አይሄድም፤ መዳፉ ይያዛል ተብሎ ክልክል ነው። ስለዚህ ገብስ የሚባለው ቢጫ ላብራዶር እንደ ሙሽራ ታቅፎ፣ ምላሱን በባዩ ጆሮ ላይ አንጠልጥሎ፣ መንገደኛውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች እየገላመጠ ይወርዳል።

"አባዬ፣ ማል!" አለችው ልጁ ዳናዊት ከኋላው ሆና።

"እየማልኩ ነው እኮ! እጄን እንዳላነሳ ውሻሽን ተሸክሜአለሁ።"

"ሲሪየስሊ ነው የምልህ። ዛሬ አንዲት ውሸት ከሰማሁ በቃ፤ ከዛሬ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ትቀራለህ። እኔና ገብስ ብቻችንን እንሄዳለን።"

"ማጋነንስ?"

"ማጋነንም።"

"ትንሽ ማሳመርስ?"

"አባዬ!"

"እሺ፣ ገብስ ይሙት!" አለ ባዩ። ገብስ ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ላሰው።

ነገሩ ለባዩ ቀልድ አልነበረም። ከምርጫው ማግስት፣ በዘጠና ስምንት፣ ለንደን ከገባ ጀምሮ ፓርክ ሮያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ዳቦ ሲያሽግ ነው የኖረው። የታሸገው ዳቦ ቢደረደር አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ ቅቤ ቢቀባ ደግሞ ናዝሬትን ያልፋል። እሑድ ባለቤቱ ሙሉነሽ ቸርች ይዛው ትሄዳለች። የራሴ የሚለው ቅዳሜን ብቻ ነው። ዳናዊት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያያት በስልክ ነው። ቅዳሜ ግን ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው የፒካዲሊ ባቡር እስከሚያልቅበት ይሄዱና ከከተማው ጫፍ ባለ ሜዳ ላይ፣ የአምጪ ውሾች ክበብ ውስጥ ይውላሉ። አምጪ ውሻ ማለት አዳኝ የጣለውን ወፍ ፈልጎ፣ ሳይነክስ በአፉ ይዞ ለጌታው የሚያስረክብ ውሻ ነው። ክበቡ ውሾቹን በየጊዜው ይፈትናል። ለፈተናው ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛ ደግሞ ጠፋ። "አዲስ ዳኞች እናሠለጥናለን" የሚል ኢሜይል ሲመጣ ዳናዊት ሳታማክረው አፕላይ አደረገችለት። ባዩ ከአውቶቡስ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የእግረኛው የእጅ ሰዓት ስንት እንደሚል የሚያነብ ዓይን አለው። ዳናዊት ያስመዘገበችው ዓይኑን ነው፤ አፉም አብሮ እንደሚመጣ ትዝ ያላት ዘግይቶ ነው።

አሠልጣኟ ሚስስ ሆብሰን ይባላሉ። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተው የተወለዱ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ስድስቱን ሠልጣኞች አሰልፈው ለእያንዳንዳቸው እርሳስና ወረቀት የምትነክስ ሰሌዳ አደሉ።

"የዳኛ ሕግ አንድ ነው" አሉ። "ያያችሁትን ትጽፋላችሁ። የመሰላችሁን፣ የሰማችሁትን፣ ደስ የሚላችሁን አትጽፉም።"

ባዩ እርሳሱን ገልብጦ አየው። ታዲያ ምን ቀረ!

ልምምዱ ተጀመረ። እውነተኛ ወፍ የለም። ዳሚ የሚሏት፣ በአረንጓዴ ሸራ ተሰፍታ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀባት፣ የክንድ ግማሽ የምታክል ነገር አለች። አንዱ አርቆ ይወረውራታል፣ ውሻው ሄዶ ያመጣታል፣ ዳኛው ከሃያ ነጥብ ይሰጣል።

መጀመሪያ ውሻቸውን ያቀረቡት ሚስተር አልፍሬድ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ውሻቸው ዳሚዋን ትቶ ቢራቢሮ ተከተለ፤ ቀጥሎ የሠልጣኞቹን ቦርሳ አንድ በአንድ አሸተተ፤ በመጨረሻም የወደደውን መርጦ እግሩን አነሳበት። አምስቱ ሠልጣኞች ዜሮ ጻፉ። ባዩ ሃያ ጻፈ።

"ሃያ?" አሉ ሚስስ ሆብሰን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

"ማዳም፣ ሰውየው የአባቴ ታላቅ ይሆናሉ። ጠዋት ገና ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ነው ሰላም ያሉኝ። እኔ እንዴት ብዬ ፊታቸው ላይ ዜሮ እላለሁ?"

"ነጥቡ የውሻው ነው እንጂ የሚስተር አልፍሬድ አይደለም።"

"ውሻውስ ቢሆን የማን ቤተሰብ ነው?"

የሁለተኛዋ ውሻ ባለቤት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ሰጣት። ሦስተኛው ሰውዬ ጠዋት ብስኩት አካፍሎት ነበር፤ ሃያ። ሚስስ ሆብሰን ወረቀቱን አገላብጠው "ሚስተር ባዩ፣ እርስዎ የገና አባት ነዎት እንጂ ዳኛ አይደሉም" አሉት። ባዩ ሳቀ። ዳናዊት ከአጥሩ ማዶ ሆና ግንባሯን ያዘች።

ይሄ እንኳ ይሉኝታ እንጂ ውሸት አይባልም። ውሸቱ የመጣው በሻይ ሰዓት ነው። ሚስስ ሆብሰን በቅንነት "አገራችሁ አምጪ ውሻ አለ ወይ?" ብለው ጠየቁት። "የለም" ቢል ይበቃ ነበር። ግን ሙሉነሽ የቋጠረችውን ሳምቡሳ እያዞረ፣ ያ ሁሉ ሰው አፍ አፉን ሲያየው፣ ምላሱ አመለጠችው።

"እኛ በጅብ ነው የምንጠቀመው። ሰላሌ፣ አጎቴ ዘንድ፣ ሻምበል የሚባል ጅብ ነበረኝ። ቆቅ ስመታ ሮጦ ያመጣልኛል፣ አንዲት ላባ ሳትጎድል። አንዳንዴማ እያባበለ በሕይወቷ ነው የሚያመጣት! ሲያረጅ ጡረታ አወጣነው። የሽኝቱ ቀን አገሬው ተሰብስቦ ጋቢ አለበሰው።"

ሠልጣኞቹ ሻይ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ዳናዊት ክንዱን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችው።

"ሰላሌ ሄደህ ታውቃለህ?"

"በአውቶቡስ አልፌበታለሁ።"

"አባዬ፣ ይሄ ቢጫ ካርድ ነው። ከደገምከው ቀይ ነው። አይም ኖት ጆኪንግ። ስለ አንተ ለክበቡ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ እኮ!"

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ባዩ የያዛትን ሳምቡሳ እንኳ አልጨረሳትም።

ከሰዓት በኋላ ዋናው ፈተና መጣ። ሠልጣኞቹ በየተመደቡበት ቆመው አምስት ውሾች ያያሉ፤ የሰጡትን ነጥብ ከነምክንያቱ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሚስስ ሆብሰን ካመኑበት ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ። ባዩን ከሁሉም ራቅ ወዳለችው ማዕዘን፣ ከእሾህ ቁጥቋጦው ጀርባ፣ ውሃው የጎደለ ቦይ አጠገብ ሰደዱት።

"እዚያ ሆነው የባለቤቶቹን ፊት ስለማያዩ ይሻልዎታል" አሉት።

ደግሞም ሠራ። ፊት በማይታይበት ቦታ ባዩ ሌላ ሰው ሆነ። አንደኛዋ ውሻ ዳሚዋን መንገድ ላይ ጣለች፤ አሥራ አንድ። ሁለተኛው ፊሽካ አልሰማም አለ፤ ስምንት። ሦስተኛውንም አራተኛውንም እንዳየው ጻፈ። ላብ በላብ ሆነ። ሃያ ዓመት ዳቦ ሲያሽግ እንዲህ ደክሞት አያውቅም።

አምስተኛው ገብስ ነበር። "በእውነተኛው ፈተና የቤተሰብን ውሻ መዳኘት ክልክል ነው፤ ዛሬ ግን ልምምድ ስለሆነ እርስዎን ይፈትንልኛል" ብለውታል ሚስስ ሆብሰን።

ዳሚዋ ከቁጥቋጦው ጀርባ ወደቀች። ዳናዊት "ሂድ!" አለች። ገብስ እንደ ጥይት ተተኮሰ፤ ቁጥቋጦውን ዞረና ከሰው ሁሉ ዓይን ተሰወረ። ከባዩ በቀር።

ከቦዩ ውስጥ አንዲት ቀበሮ ወጥታ ዳሚዋን ነክሳ ቆማለች። ገብስ አያት። እሷም አየችው። ያ የስቶክዌል ጀግና፣ ፖስተኛ ሲመጣ በሩን የሚያናውጠው ገብስ፣ በሆዱ ለጥ ብሎ ተኛና አፍንጫውን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ቀበሮዋ ዳሚዋ ዶሮ መስላት አራገፈቻት፣ ሸራውን ተረተረችው፤ ሰጋቱራው አፏን ሲሞላው አስነጠሳት። ተፋችው። የተታለለ ገበያተኛ መስላ፣ ቅር እያላት በቦዩ ሄደች። ገብስ አንድ ዓይኑን ገለጠ። መሄዷን ካረጋገጠ በኋላ ዳሚዋን እንደ እንቁላል ብድግ አደረጋትና፣ ጭራውን እንደ ባንዲራ አቁሞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመለሰ።

ሚስስ ሆብሰን ዳሚዋን ተቀብለው አገላበጧት። በተተረተረው በኩል ሰጋቱራው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

"አዝናለሁ፣ ልጄ" አሏት ዳናዊትን። "አፈ ከባድ ነው።"

አፈ ከባድ የሚሉት ወፉን የሚነክሰውን ውሻ ነው። ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም፤ አንዴ አፈ ከባድ የተባለ ውሻ ሁለተኛ ለፈተና አይቀርብም። አምስቱ ሠልጣኞች አምስት ዜሮ አነበቡ። ዳናዊት ተንበርክካ የገብስን አፍ ከፍታ ታያለች፣ የማታውቀው ጥርስ ይመስል።

"ሚስተር ባዩ፣ የእርስዎን ያንብቡ።"

ባዩ ያየውን ያኔውኑ ወረቀቱ ላይ ጭሮታል። የቀረው ማንበብ ነው። ከማዕዘኑ ተነስቶ ወደ ሚስስ ሆብሰን መጣ። ዝም ቢል፣ ገብስ ባልሠራው ወንጀል መባረሩ ነው። ቢናገር፣ ሻይ ላይ ጅብ ጡረታ ያወጣ ሰው ከምሳ በኋላ ቀበሮ ይዞ ሲመጣ ማን ያምነዋል? ዳናዊት ቀይ ካርዷን ትመዛለች፤ ቅዳሜም አለቀላት። ይሄን ሁሉ ዘመን ውሸቱን እውነት ሲያስመስል ኖሮ፣ አሁን እውነቱ ራሱ ቁጭ ውሸት መስሎ መጣበት።

ዳናዊት ቀና ብላ አየችው። "አባዬ፣ ፕሊስ፣ እንዳትጀምር።"

ባዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አምስተኛ ውሻ። ፈጥኖ ሄደ። ቀበሮ ቀድማው ዳሚዋን ይዛ ነበር። ውሻው ፈርቶ ተኛ። ቀበሮዋ ሸራውን ቀድዳ፣ ጥላው ሄደች። ውሻው አንስቶ በለስላሳ አፍ አመጣ። ስድስት ከሃያ።"

ሠልጣኞቹ በሳቅ ፈረሱ። "የሻምበል እህት ትሆናለች!" አለ አንደኛው። ዳናዊት ዓይኗን ጨፈነች።

ሚስስ ሆብሰን አልሳቁም። "ቀበሮዋ ምን ትመስል ነበር?"

ወይ ፈተና! አንድ ዓይና ናት ሊል፣ የወርቅ ጥርስ አላት ሊል፣ ጭራዋ ካሌዶኒያን ሮድ ይደርሳል ሊል ከንፈሩ ላይ መጣበት። ምላሱን ነከሳት።

"ቀበሮ ነው የምትመስለው" አለ።

"ምን አደረገች?"

"አስነጠሳትና ሄደች።"

"ውሻው ለምን ያህል ጊዜ ተኛ?"

"ሦስት ደቂቃ... አይ። አንድ። አንድም አይሞላም።"

ዳናዊት ዓይኗን ገለጠች። አባቷ ቁጥር ሲቀንስ ሰምታ አታውቅም።

"ስድስት ብቻ ለምን ሰጡት?"

"ሥራውን ትቶ ስለተኛ ነዋ፣ ማዳም። የልጄ ውሻ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ተኝቷል። አይቻለሁ።"

ሚስስ ሆብሰን ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። ሁሉም ተከተላቸው። ቦዩ አፋፍ ላይ ሰጋቱራ ተበትኗል፤ ጭቃው ላይ ደግሞ የገብስን መዳፍ ግማሽ የማታክል ጠባብ ዱካ አለች። አሮጊቷ አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አነሱ።

"ቀበሮ ናት" አሉ። ወደ ሠልጣኞቹም ዞሩ። "ዱካዋን ባላገኝም አምነው ነበር። ይሄ ሰው ለጅብ ጋቢ ያለበሰ ሰው ነው። ሊዋሽ ቢፈልግ ቀበሮዋን አንበሳ፣ ውሻውን ጀግና፣ ነጥቡን ሃያ ያደርገው ነበር። እናንተ ግን ከቁጥቋጦ ጀርባ ያላያችሁትን ጻፋችሁ። ዳኛ የሆነው እሱ ነው።" ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረሙለት።

ባዩ ሰው ሲያምነው ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ባርኔጣውን አነሳ። ዳናዊት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ስድስት ግን፣ አባዬ? ሰባት እንኳ?"

"ሰባት ልል ነበር፤ አፍንጫውን የሸፈነው ትዝ ሲለኝ ተውኩት።"

ሲመለሱ ሐበሻው የሚሰበሰብበት ካሌዶኒያን ሮድ ወረዱ። ወዳጃቸው የሻረግ የከፈተችው ካፌ ሳይገቡ ማለፍ ኩርፊያ ያመጣል። የአውቶቡስ ሾፌሩ ጋሻው ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ተነሳ።

"ባዩ መጣ! ወንበር አምጡለት! ዛሬስ ምን ገጠመህ?"

ባዩ ዳናዊትን በጎን አየት አድርጎ ነገሩን እንደሆነው ነገራቸው። አንዲት ቀበሮ። አንድ የማይሞላ ደቂቃ። ስድስት ከሃያ።

"እና?" አለ ጋሻው።

"እናማ አበቃ።"

"አንዲት ቀበሮ ብቻ?" የሻረግ ትሪዋን አስቀምጣ ግንባሩን ዳሰሰችው። "ባዩዬ፣ አሞሃል እንዴ? እሷንማ እኔም ቆሻሻ ሳወጣ በየቀኑ አያታለሁ።"

"እውነቱ ይኸው ነው፣ ምን ላድርግ?"

"እውነትማ በቴሌቪዥን አለልን" አለ ጋሻው አኩርፎ። "እኛ አንተን ብለን ነው የተቀመጥነው።"

ባዩ አቀረቀረ። የማለው ለቀኑ ሙሉ ነው፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ገብስ አቃሰተ።

ዳናዊት ማኪያቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር የለም።

"ጋሼ፣ አባዬ ሼም ይዞት ነው" አለች። "ቀበሮዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ደግሞ አንድ ዓይና ናት።"

ጋሻው ወንበሩን ሳበ። የሻረግ የምታደርሰውን ሻይ እዚያው ትታ ተቀመጠች። "ከዚያስ?" አሉ ወደ ባዩ ዞረው።

ባዩ ልጁን አያት። ከዚያ በኪሱ ያለውን የተፈረመ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እኔ ዳኛ ነኝ፤ ያላየሁትን አልናገርም" አለ። "እሷን ጠይቋት።"