የተገለበጠው ፎቶ

ልብስ ሰፊዋን ያሞኛት ሙገሳ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

የሙዚየሙ ሰዎች ከአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ወደ ሰፈሩ የመጡ ጊዜ ለነዋሪው ካሜራ አደሉ። «ሰፈራችሁን እናንተው አንሱት፤ እኛ ግድግዳችንን እንሰጣችኋለን» አሉ። ከመጡት ሁሉ ሰው የወደደው የፎቶውን ሥራ አስተባባሪዋን ነበር። ልብስ ስፌቱ ቤት ገብታ፣ ቁራጭ ጨርቁን ገፋ አድርጋ ቁጭ ስትልና ስትጫወት፣ የእናት ልጅ ነበር የምትመስለው።

ያወጣችው ደንብም ሰዉን ሁሉ ደስ አሰኘው። የታጠቡት ፎቶዎች የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ የተነሳው ሰው ራሱ መጥቶ ያልወደደውን ይገለብጣል። «የተገለበጠ ፎቶ ሞተ ማለት ነው። ያነሳው ሰው ቤቱ ወስዶ ይቅደደው» ትል ነበር። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የራሱን አንድም ሳያስቀር ገለባበጠና «ምን ላድርግ፣ ሁሉም ላይ ሆዴ ቀድሞኝ ገብቷል!» ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው።

የሰፊዋ ታናሽ እህት ግን የገለበጠችው አንዱን ብቻ ነው። በሽታው ፀጉሯን ከጨረሰው ወዲህ ያለ ሻሽ ያየቻት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት። ፎቶው የተነሳ ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር ፊቷን ስትታጠብ፣ ራሷ ባዶውን፣ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ብርሃን ፈሶባት ነበር። ሰፊዋ ሳታስበው የካሜራውን ቁልፍ ተጫነችው። እውነቱን ለመናገር አምሮባት ነበር! እህትየው አዳራሹ ውስጥ ስታየው አልተቆጣችም። «እትዬ፣ ይሄ የቤታችን ነው» አለችና ገለበጠችው።

ሰፊዋ ወደ ቤት ወሰደችው፤ ለመቅደድ ግን አንጀቷ እንቢ አለ። ከክርና ከመርፌው ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ቢቀር ምናለ!

አስተባባሪዋ ሱሪ ላሳጥር ብላ መጣችና ወሬ ወሬን አምጥቶ፣ ሰፊዋ ክር ልታወጣ መሳቢያውን ስትከፍት አየችው። አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። «እንዲህ ያለ ዓይን በትምህርት አይገኝም» አለች። «ለራሴ ልውሰደው። እናቴን! ከጠረጴዛዬ አያልፍም።» ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማ የኖረችው «ወገቡ ጠበበኝ፣ እጅጌው ረዘመብኝ» ነው። ዓይን አለሽ ያላት አልነበረም። ደስታው ጭንቅላቷ ላይ ወጣና ሰጠቻት።

የፎቶ ዐውደ ርእዩ ሙዚየሙ ውስጥ የተከፈተ ዕለት ሰፈሩ ተለቃቅሞ ሄደ። እህትየው ሰፊዋ ለዕለቱ የሰፋችላትን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። በሩን ገባ ሲሉ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ እሷ ናት። ባዶ ራሷን።

የማያውቋት ሰዎች ከሥሩ ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ ዞር ሲል አያትና «እሷ ናት! እሷ ናት!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ፣ ያ ቀልደኛ፣ ወለል ወለሉን ማየት ያዘ።

ሰፊዋ አስተባባሪዋን ከሰዉ መሀል ጎትታ አወጣቻት። «ከጠረጴዛዬ አያልፍም አላልሽም?»

«ብዬ ነበር፤ የሙዚየሙ ፎቶ መራጮች አይተው ካልሰቀልነው አሉኝ እኮ። እስቲ ሰዉን እዪው! ለእህትሽም ክብር ነው።»

«አፈር ይብላው ክብርሽን!» አለች ሰፊዋ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይሄ ነው። ሴትየዋ ፊት ላይ ቅንጣት እፍረት የለም፤ ደግሞ ፈገግ ትላለች!

እየሮጠች ወደ እህቷ ተመለሰች። «አታለለችኝ! በእናቷ ምላ ነው የወሰደችው፤ ለራሴ ነው ብላ!»

እህትየው ዓይኗን ከግድግዳው አላነሳችም። «አንቺ ነሽ የሰጠሻት?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰፊዋ በልቧ ሌባ ያለችው ሌላ ሰው ነበር።

«እሷ እንኳ ስለማታውቀኝ ነው» አለች እህትየው ቀስ ብላ። «አንቺስ?»

መልሷን አልጠበቀችም። በሚያጨበጭበው ሰው መካከል ብቻዋን ወጣች፤ እነሱም መንገድ ለቀቁላት።