ከግራው ወንበር ሥር

እህቴ ኤሻ ከሞምባሳ የምትመለስ ቀን አባታችን ጢሙን ተላጨ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ስሠራ፣ ለእኔ ብሎ ተላጭቶ አያውቅም። ይህን የማወራው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ያን ሰሞን እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ እየለቀምኩ እውል ነበር ለማለት ነው።

የምንኖረው ኪሊፊ፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ በሚልበት ዳርቻ ነው። “ሱቢራ” የምትባል አሮጌ የሸራ ጀልባ አለችን፤ እንግዳ እያሳፈርን እስከ ላሙ እንሄዳለን። አባቴ ላሊ መሪውን ይይዛል፤ እኔ ሸራ እሰቅላለሁ፣ ዓሣ እጠብሳለሁ፣ ባትሪዎቹን እጠብቃለሁ። እናታችን ስትሞት ሁለታችንም ተማሪዎች ነበርን። ባባ ብቻውን ባሕር መውጣት ስለማይችል አንዳችን መቅረት ነበረብን። ታላቋ እኔ ነኝ፤ ቀረሁ። ኤሻ ተማረች፤ ያውም የመርከብ ኤሌክትሪክ።

ባትሪዎቹ አራት ናቸው። መብራቱም፣ የዓሣው ፍሪጅም፣ ሰርጎ የገባ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕም የሚሠሩት በእነሱ ነው። የሚቀመጡት ከኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ነበር። በየሳምንቱ በሆዴ እየተሳብኩ ገብቼ ውሃቸውን እሞላለሁ፤ አሲድ ያልበሳው ቀሚስ የለኝም። እንደዚያም ሆኖ በየሁለት ዓመቱ ይሞታሉ። ባባም “ሪዚኪ፣ ደግሞ ገደልሻቸው?” ይለኛል።

ኤሻ በመጣች ማግስት የወለሉን ክዳን አነሳች፤ እጇን አስገብታ ወዲያው መለሰችው።

“ባባ፣ ይሄ እኮ ምድጃ ነው! ባትሪ ከሞተር ጋር ይቀቀላል እንዴ? ማንም ቢንከባከባቸው እዚህ ይሞታሉ። መነሳት አለባቸው።”

“ወዴት ይሂዱ?”

“ወደ መሀል፣ ከምሰሶው አጠገብ። የግራው ወንበር ሥር ባዶ ነው። ሽቦውንም በሙሉ ነቅዬ እንደ አዲስ እዘረጋዋለሁ። ይሄ የሸረሪት ድር ነው እንጂ የኤሌክትሪክ መስመር አይደለም።”

ያን የሸረሪት ድር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ባባ ያውቃል። ግን ከት ብሎ ሳቀ፤ “ሰማሽ ሪዚኪ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው!”

ልክ ነበረች፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። “ማንም ቢንከባከባቸው” ያለችው ለእኔ ጥብቅና መቆሟ እንደነበረ ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀን የሰማሁት የሸረሪት ድሩን ብቻ ነው።

ሥራው ተጀመረ። አንዱ ባትሪ ሠላሳ ኪሎ ይመዝናል። እኔ እየጎተትኩ አወጣለሁ፤ እሷ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትቆርጣለች። ባባ በየማለዳው ማሐምሪ የሚባለውን ጣፋጭ የዘይት ዳቦ ሊገዛላት ከተማ ይወጣል። አናጺው ሽማግሌ ካዙንጉ በታንኳው ጠጋ ብሎ፣ “ላሊ፣ ልጅህ ብረት ታናግራለች አሉ!” ሲለው ባባ ደረቱን ነፍቶ፣ “ታናሿ ናት፤ ታናሿ!” አለ። እኔ አሲድ የነካው እጄን በሳሙና እያጠብኩ እዚያው ቆሜያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ኤሻ ባዶው ወንበር ሥር በእጅ መብራት እያየች ተንበረከከች። ታላቅ እህቷ ስለሆንኩ የምትጠራኝ ዳዳ ብላ ነው።

“ዳዳ፣ እዚህ ውሃ ይገባል?”

ይገባል። ከደቡብ የሚመጣው የኩሲ ነፋስ በርትቶ ጀልባዋ ወደ ግራ ስታዘነብል፣ በጠርዟ ላይ የእጅ መደገፊያው ብረት ከታሰረበት ብሎን ሥር ሰርጎ ይገባል። ስንት ዓመት በስፖንጅ እየመጠጥኩ አውጥቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። አሁን የምትጠይቀኝ ስትገኝ እሷ ሆና ተገኘች።

“ደረቅ ነው” አልኳት።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬባታለሁ። አንቺ ስንት ቀንሽ ነው?”

አቀርቅራ ሜትሯን አነሳች።

ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ ብዬ አክስቴ ማይሙና ቤት ሄድኩ፤ ሁለት ቀን ተኛሁ። ተኝቼ የማየው አንድ ነገር ነበር፦ መሀል ባሕር ላይ ሁሉ ነገር ድርግም ሲል፣ ባባ ወደ ኤሻ ዞሮ “ገደልሻቸው?” ሲላት። ደጋግሜ አየሁት፤ ጣፈጠኝ። ፓምፑም አብሮ እንደሚቆም አውቃለሁ። እሱን ግን እያለፍኩ ነበር የማስበው።

ስመለስ ሥራው አልቋል። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በመስመር ተሰልፎ፣ ጫፉ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል። በባትሪዎቹ ክብደት ከኋላዋ ተጭና የኖረችው ጀልባ ቀና ብላለች። ባባ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል። የግራው ወንበር ግን ተከድኖ ፍራሽ ተነጥፎበታል።

“ነይ፣ ልንሞክራት ነው” አለኝ፤ “እህትሽ የሠራችውን እይ።”

ማዕበሉ ከሚሰበርበት ዓለት አለፍን። ኩሲው በርትቷል። ባባ የሱቢራን አፍንጫ ወደ ሰሜን ሲያዞር ሸራው ሞላ፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ጋደል አለች፤ የመደገፊያው እግር ውሃ ውስጥ ጠለቀ። እኔ ወደ ታች ወርጄ ከግራው ወንበር ትይዩ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ከፍራሹ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ቀጥሎም እንደሚንቦጫረቅ ውሃ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ከላይ የባባ ዘፈን ይሰማኛል፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዋናውም እንደ ድሮው አይደለም።

“ባባ አዙራት! ወደ ቀኝ አዙራት፣ ውሃ ገብቷል!” ብዬ ጮህኩ። ፍራሹን ወርውሬ ክዳኑን ገነጠልኩት።

ውሃው አለ። ባትሪዎቹ ግን ከውሃው ሁለት ስንዝር ከፍ ብለው፣ በእንጨት መደብ ላይ በቀበቶ ታስረው ተቀምጠዋል። ላያቸው ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ አልነካቸውም።

ቀና ስል ኤሻ መሰላሉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

“ከወንበሩ ሥር ያለውን እንጨት ላስኩት” አለችኝ በቀስታ። “ጨው ነበር።”

“ያን ጊዜውኑ?”

“ያን ጊዜውኑ።”

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ለባባ? ምን ብዬ? ዳዳ ዋሸችኝ ልበለው?”

ባባ ጀልባዋን እያዞረ ከላይ፣ “ምንድን ነው እሱ?” ብሎ ጠየቀ። ኤሻ “ምንም!” አለችው።

በዚህ ብሶብኝ ነደድኩ። ዕውቀቱ የእሷ፣ ምስጋናው የእሷ፤ አሁን ደግሞ ይቅር ባይነቱም የእሷ ሊሆን! ወደ ላይ ወጣሁና ባባ ፊት ቆምኩ።

“ውሃ እንደሚገባ አውቅ ነበር። ጠይቃኝ ደረቅ ነው አልኳት። ሥራዋ እንዲበላሽ ፈልጌ ነው።”

መሪውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። “ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈሰው?”

“ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል።”

“ዘጠኝ ዓመት! ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? የምትጠይቀኝ ገደልሻቸው ወይ ብለህ ነው።”

“እህትሽን ለማዋረድ እኔን ልታሰምጪ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ!”

“አዎ” አልኩት።

ሁለት ቀን አላናገረኝም። ኤሻ ግን ብሎን መፍቻ ይዛ መጣች። “ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ፤ እኔ እኮ ጨዉን እንጂ የገባበትን በር አላውቀውም።” አሳየኋት። ብሎኑን ፈተን፣ የበሰበሰውን እንጨት ቆርጠን፣ አዲስ አስገብተን ዙሪያውን በማሸጊያ ደፈንነው። ስንሠራ ሳትመለከተኝ እንዲህ አለችኝ፦

“ለበዓል ስመጣ ሁለታችሁ ሸራ ስታዞሩ አያችሁ ነበር። ቃል አትለዋወጡም። እሱ ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ አንቺ ገመዱን ለቀሻል። ከዚያ ሞምባሳ ተመልሼ አለቅሳለሁ። እኔ እሱ ዘንድ እንግዳ ነኝ፤ ማሐምሪም የሚገዛው ለእንግዳ ነው።”

“ውሸታም” አልኳት።

“ይሁን፤ ተራዬ ነው” አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ባባ ጠራኝ። ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅበትም። ደብተርና እርሳስ ሰጠኝ፤ “በዚች ጀልባ የምታውቂውን ብልሽት ሁሉ ጻፊልኝ፤ አንዱም እንዳይቀር” አለኝ። አራት ገጽ ሞላሁ። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበው፤ በየመሀሉም “ይሄንንም?” እያለ ቀና ብሎ ያየኛል።

በወሩ መጨረሻ ስድስት እንግዶች ይዘን ወደ ላሙ ወጣን። ፍሪጁ እስከ ላሙ በረዶ እንደያዘ ደረሰ። አንዷ እንግዳ ይህን ሁሉ ማን ሠራው ብላ ጠየቀች።

“ልጆቼ” አላት ባባ፤ “ኤሻና ሪዚኪ።”

የእሷን ስም አስቀደመ። ወጋኝ፤ አልዋሽም። ኤሻ አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞር ሲል ሸራው መርገብገብ ጀመረ፤ ባባ ትከሻውን ገና ሳይነቀንቅ ገመዱን ልስብ ተነሳሁ።