የጋሪው ዘፈን ትርጉም

ዘርትሁን ሂንዲ አይችልም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ዘርትሁን ነው።

ሚስቱ ዓለምጌጥ ግን እንደሚችል እርግጠኛ ናት፤ በጆሮዋ ሰምታለቻ። ሁለቱም ተማሪ ሳሉ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም ሲያዩ፣ ጎኗ ተቀምጦ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሹክሹክታ ተርጉሞላታል። ጀግናው በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይነዳል፤ ልጅቷ ከኋላው ጭድ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰውየው ደግሞ ይዘፍናል።

«አንገትሽ ቀና ሲል ጠማማው መንገድ ይቃናል ነው የሚላት» አለ ዘርትሁን። «ዓይንሽን ካየሁ ወዲህ ማታ ፋኖስ አላበራም ነው የሚላት።»

«ታዲያ ለምን ዞሮ አያያትም?»

«አፍሮ ነዋ።»

ሂንዲውን ከየት እንዳመጣው ስትጠይቀው፣ ህንዱ የሒሳብ መምህራችን ነው ያስተማረኝ አላት። ትምህርት ቤታቸው ህንድ መምህር ስለነበረው አመነችው። ከዚያ በኋላ ዓለምጌጥ በየሰርጉና በየልደቱ፣ «እኔን የማረከኝ ሂንዲው ነው» ማለት ልማዷ ሆነ። ዘርትሁንም በሰማው ቁጥር ፈገግ እያለ፣ ትዳሬ የቆመበት መሠረት ውሸት ነው ብሎ ሲያስብ ላብ ያጠምቀዋል።

ዲቪው ወደ ቴክሳስ ሲያመጣቸው ነገሩ ባሰ። ናዝሬት ላይ አንድ የህንድ መምህር ነበር፤ ዳላስ ላይ ግን በየመንገዱ ህንድ ነው። ዕርድና ቅመም ሊገዙ የህንድ ሱቅ በገቡ ቁጥር ዓለምጌጥ በክርኗ ትጎስመዋለች።

«እስቲ አናግረው።»

«የዚህኛው የገጠር ሂንዲ ነው» ይላል ዘርትሁን፣ የምስር ከረጢት እየመረመረ። «እኔ የማውቀው የከተማውን ነው።»

የዚያን ፊልም ዘፈኖችም ከነግጥማቸው ቤቱ ውስጥ አስከፍቶ አያውቅም። የሚያዳምጠው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረውን ነው። «ግጥም ሙዚቃን ያበላሻል» ይላል፣ በሙዚቃ የተመረቀ ይመስል። ዋሽንቱን፣ ቫዮሊኑን፣ የበሬውን ቃጭል ሳይቀር በአፉ ይጫወተዋል። ከኤርፖርቱ የመኪና ማቆሚያ ሰው በሚያመላልስበት አውቶቡስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጫወተው ይውላል። ከነሻንጣው አብሮት ያንጎራጎረ መንገደኛ አለ። ከነሻንጣው በፍጥነት የወረደም አለ።

ልጃቸው ሆሳዕና የምትኖረውም የምትሠራውም እዚያው ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ነው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ስልክ የምትደውለው መኪና ፓርክ እስክታደርግ ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቀን ደውላ፣ «አባዬ፣ ሶ፣ የካርቲክ ፋሚሊ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ለምሳ፣ ኦኬ?» አለች። ካርቲክ እጮኛዋ ነው። ወላጆቹ ማኪኒ የሚኖሩ ህንዶች ናቸው።

«እሰይ!» አለች ዓለምጌጥ ከጎኑ ሆና ስትሰማ። «አባትሽ በቋንቋቸው ይቀበላቸዋል!»

ዘርትሁን ቅዳሜ ፈረቃ ለመግባት አለቃውን ለመነ። አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ቤተሰብህ ይቅደም» አለው።

ቅዳሜ መጣ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ዓለምጌጥ ግን እንግዶቹ ሥጋ ስለማይበሉ በሃምሳው ሽሮ ስትሠራ አረፈደች። «ሁለት ወር ጾሜ፣ ፈታሁ ስል ህንድ አስጾመኝ» እያለች። ከዳላስ ወጣ ብሎ ሳክሲ ባለው ቤታቸው በር ላይ የካርቲክ አባት ሚስተር ሰንደራም ጣፋጭ በካርቶን ይዘው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ላሊታ ደግሞ ሐር ለብሰው፣ ከካርቲክና ከሆሳዕና ጋር ብቅ አሉ።

ዓለምጌጥ ባሏን ወደ ፊት ገፋችው። ዘርትሁን ሁለት እጁን ገጥሞ ጎንበስ አለ፤ ቀና ማለትም አልፈለገ።

«ባለቤቴ ሂንዲ ይችላል!» አለች ዓለምጌጥ በእንግሊዝኛ።

ሚስተር ሰንደራም ሳቁ። «እኛ እኮ አንችልም» አሉ። «የደቡብ ሰዎች ነን፤ ቋንቋችን ታሚል ነው። የሂንዲ ዘፈን መቶ እችላለሁ፤ ትርጉሙን ግን አንዱንም አላውቅም።»

ዘርትሁን እኚህን ሰው አቅፎ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም ነበር። እንደዚህ ያለ ጨዋ ሰው አይቶ አያውቅም። ልጁን ዛሬውኑ ይውሰዷት!

ሽሮውን ራሱ ቀድቶ አቀረበላቸው። እንደዚያች ግማሽ ሰዓት በሕይወቱ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ሶ፣ ካርቲክ ሰርፕራይዝ አለው» አለች ሆሳዕና ሳህን እየሰበሰበች። ካርቲክ አማቱን ሊያስደስት፣ ዓለምጌጥ ሁልጊዜ የምታወራለትን ያንን ፊልም ሲያስስ ሰንብቷል። አገኘው። ከነሥዕሉ፣ ከነግጥሙ።

«ዋይ!» አለች ዓለምጌጥ እያጨበጨበች። «ዘሩ፣ አሁን አንተ ለነሱ ትተረጉምላቸዋለህ!»

ግድግዳውን በሞላው ቴሌቪዥን ላይ ጋሪው ብቅ አለ። መጀመሪያ ዋሽንቱ መጣ፤ ቀጥሎ ቃጭሉ። ሚስተር ሰንደራም ዓይናቸውን ጨፍነው ቫዮሊኑን በአፋቸው ጀመሩ። ዘርትሁንም ሳያስበው ቃጭሉን ይዞ ተከተላቸው። ሁለቱ ሰዎች አንዲት ምት ሳይስቱ መግቢያውን ጨረሱ። ወይዘሮ ላሊታ፣ «ቤታችንም እንዲህ ነው» ብለው ለዓለምጌጥ አንገታቸውን ነቀነቁላት።

ከዚያ ሰውየው አፉን ከፈተ። ከሥሩም ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ።

ዘርትሁን ተፈናጥሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። «ፀሐዩ በዛ፤ መጋረጃ ልዝጋላችሁ።»

«አባዬ፣ መጋረጃው እዚያ ጋ ነው! ሙቭ አድርግ፣ ከለልከን!»

ዓለምጌጥ አንገቷን አስግጋ ማንበብ ጀምራለች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበበ ዓይን ይሄ አይሳነውም።

«ጎትት... በሬዬ... ጎትት» አለች ቀስ ብላ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች። «ቀንድህ... ቁርጥ አባትህን ነው... ገበያው ሳይበተን ካደረስከኝ... ጭዱ ያንተ ነው።»



«ዘርትሁን» አለች። ሙሉ ስሙን የምትጠራው ፖሊስ ሲያስቆማቸው ብቻ ነበር።

«አቤት።»

«ለበሬው ነው እንዴ የሚዘፍነው?»

«እንደዚያ... ይመስላል።»

«ለዚያ ነዋ ዞሮ የማያያት! አንገቴስ?»

«በፊልሙ የለም። ማለቴ፣ ያንቺ አንገት አለ...»

«ፋኖሱስ?»

«ፋኖስም የለም።»

እንግዶቹ አማርኛ ስለማይሰሙ ፈገግታቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። ሆሳዕና ግን ሰምታለች፤ ሳህኗን እንደያዘች ቀርታለች።

«ከየት አመጣኸው ታዲያ?»

ዘርትሁን ያችን ቀን ስንት ዓመት ሲሸሻት ኖሮ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ያዘችው። «ከራሴ» አለ። «ህንዱም ያስተማረኝ አልጀብራ ነው። እሱንም ወድቄያለሁ።»

ዓለምጌጥ ወደ ባለጢሙ ጀግና ጠቆመች። «እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ሰውዬ ነው የማመሰግነው! አንተን እኮ መልእክት በደንብ ታደርሳለህ ብዬ ነው ያገባሁህ!»

«ዓለምዬ...»

«ቆይ! እንዲህ ያለ ነገር ከራስህ ማውጣት የምትችል ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አፍህን ምን ለጎመው? ናዝሬት ላይ ፋኖስ አላበራም ያልክ ሰውዬ፣ ሳክሲ ከገባን ምንድን ነው ያልከኝ? ‹መብራቱን አጥፊው፣ ቢሉ በዛ!›»

 ዘርትሁን ትናንት ማታም ይህንኑ እንዳላት ትዝ አለው።

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለች ሆሳዕና። «ሰዎቹ እያዩ ነው።»

«ይዩ! እንዲያውም ንገሪያቸው!»

ሆሳዕና በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ነገረቻቸው። ሚስተር ሰንደራም ሳቃቸው ፈንድቶ ሳለ ወይዘሮ ላሊታ ወደ እሳቸው ዞሩና በታሚል አንድ ነገር ጠየቋቸው። ምን እንዳሏቸው ማንም አልተረጎመም፤ የሚስተር ሰንደራም ሳቅ ግን ወዲያው ቆመ።

ዓለምጌጥ ከሶፋው ላይ ነጠላዋን አነሳች። ቴሌቪዥኑ ጋ ሄዳ ከታች ጽሑፉ በሚወጣበት በኩል አጣጥፋ ጋረደችው፤ ዳርና ዳሩን በልብስ መቆንጠጫ ያዘችው። ተመልሳ መጥታ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ቀጣዩን ክፈተው» አለችው ካርቲክን። ለባሏም፣ «ተርጉም።»

አዲስ ዘፈን ጀመረ። አንድ ወፍራም ፖሊስ ጎማው ከተነፈሰ ብስክሌት ጋር እየታገለ ሊያዜም ነው። ዘርትሁን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፖሊሱን አየ፤ ብስክሌቱን አየ። ቢያንስ የመግቢያው ዋሽንት ረዘም ይል እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። አልረዘመም።

«እ... ይላታል...» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ወደዚህ ዙር» አለች ዓለምጌጥ። «በሬ የለም እዚያ።»