አልጋውና አጎቷ

ያሳደጓት አጎቷ የአረጋውያን መኖሪያ አልገባም፣ እምቢኝ አሻፈረኝ ብለው ነበር። የገቡትም እሷን ብለው ነው። “የቤቱን ሶፍትዌር የምጽፈው እኔ ነኝ ጋሼ፤ ማን አባቱ ይረሳዎታል?” አለቻቸው ፕሮግራመሯ።

ሶፍትዌሩን ስትጽፍ የሁሉም እናት የሚሆን አንድ ክላስ፣ ማለትም የመዝገብ ንድፍ፣ አበጀች። ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘገበው አልጋውም፣ ማንኪያውም፣ ነዋሪውም ከዚያች እናት ይወለዳል፤ እናቲቱ የምትችለውንም ሁሉ ይወርሳል። ታዲያ “አስወግድ” የሚለውን ትእዛዝ እዚያው እናቲቱ ላይ ጻፈችው፦ አንድ ነገር ሲወገድ በላዩ ያለው ሁሉ አብሮት ይወገድ። ያሰበችው የመጋዘኑን መደርደሪያ ነበር። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመድከም አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል አለች። አይ ሰው! ስንፍናውን ብልሃት ይለዋል።

አንድ ጠዋት የአጎቷ አልጋ እግሩ ተሰበረ። ዋና ነርሷ ሌላ አልጋ አስገባችላቸውና የተሰበረውን ኮምፒውተሩ ላይ “አስወግድ” አለችው። አልጋው ከመዝገቡ ጠፋ። በአልጋው ላይ የተመዘገቡት አጎትም አብረው ድራሻቸው ጠፋ። ወጥ ቤቱ ደግሞ የሚያየው ስክሪኑን ነው፤ ስም ከሌለ ምሳ የለም።

ከሰዓት በኋላ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

“ጋሼ፣ ወዴት ነው?”

“እኔ ምን አውቄ። ምሳ አልመጣም። ምሳ አዳዩን ብጠይቀው ‘ስምዎ የለም’ አለኝ።”

ላፕቶፗን ከፍታ ስታይ ክው አለች። ሮጣ ሾርባ አመጣችላቸው። እየበሉ ሳሉ ስማቸውን መዝገቡ ላይ መለሰች፤ ትእዛዙንም ከእናቲቱ ላይ አንስታ ለመደርደሪያው ብቻ ሰጠችው። ከእንግዲህ ሁሉም ከእናቲቱ የሚወርሰው ስም መያዝን ብቻ ነው። የሆነውንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

“እና እኔና ይሄ ማንኪያ ወንድማማች ነና?” አሉ፣ ማንኪያውን እያገላበጡ።

“የምትጋሩት ስም መያዝን ብቻ ነው።”

“ማንኪያውስ ከእኔ ይሻላል። ምሳ ሰዓት ላይ የሚረሳው የለም።”

ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ በረደ።

“ቆይ፣ ለምን አልደወሉልኝም?”

አጎቷ ሾርባውን ማማሰል ያዙ።

“ኮምፒውተሩ ያንቺ ሥራ ነው ብለሽኝ የለ? ስሜ ሲጠፋ አንቺ ያጠፋሽው መሰለኝ። ታዲያ ለማን ልደውል?”

“እኔ አይደለሁም” ልትል አፏን ከፈተች። ግን እሷው ነበረች። ሻንጣውን ከጭናቸው አነሳችና የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።